በመቀስ ያስወጣሁት ለቅሶ

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዬ ፒያሳ፣ ስፌት መኪና ላይ ነው ያለፈው። እንዲህ ያለ ሰው የመጽሐፍ ትርጉም ውስጥ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ጎረቤቴ ናት ያስገባችኝ።

እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። አስተማሪ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ከእንግሊዝኛ ልቦለድ ትተረጉማለች። ባለቤቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር ወረቀቷን ይዛ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ እኔ ላንብብ፣ እርስዎ እየሰፉ ይስሙኝ። አማርኛ ያልመሰለዎትን ይንገሩኝ» አለችኝ። ያን ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር። ሰው ሲመጣ እቀመጣለሁ፣ ሲሄድ እሰፋለሁ። እሺ አልኳት።

ልማዳችን እንዲህ ሆነ፤ እሷ ታነባለች፣ ጆሮዬን ከቆረቆረኝ በመቀሴ እጀታ ጠረጴዛውን ኳ አደርጋለሁ።

«ብቸኝነቱ ክፍሉን ሞላው» አለች አንድ ቀን።

ኳ።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?»

«ብቸኝነት ውሃ ነው እንዴ ቤት የሚሞላ?»

«እንግሊዝኛው እንደዚያ ነዋ የሚለው!»

«ይበል። ሰውየው ምን ሆነ?»

ትንሽ አሰበች። «ቤቱ ጭር አለበት።»

«እሱን ጻፊው።»

«ይኸው ስሙን ግስ አደረጉብኝ» ብላ ሳቀች። እኔ ስምና ግሱን አላውቅም። ድሮ ግን ያለቀ ኮት ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጬ እሰፋ ነበር። ጨርቁ ያው ነው፤ የደረት ኪሱ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ባለቤቱ ኪሱ ዞረ ብሎ አይጣላኝም። ጨርቅ ቆርጬ ባስቀርበት ግን ይጣላኛል።

የመጽሐፉ ሰውዬ ሚስቱ ሞታበታለች። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ሻርፗን ያገኛል።

«እንባው ዱብ ዱብ አለ።»

ኳ።

«እንባ አነቀው።»

ኳ።

«ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።»

ኳ።

«ኧረ አባባ፣ ሳንሱር ሆኑብኝ እኮ! ታዲያ ምን ያድርግ?»

«ሻርፑን አጥፎ ይመልሰው።»

ጻፈችው። ሌሎቹ ገጾች ላይም እንዲሁ እያልን ጨረስን።

ለአሳታሚው ልታስረክብ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ጭምር ይዛ መጣች። ከትርጉሙ ጋር ስታመሳክር አድራለች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

«አባባ፣ ሰውዬው እዚህ ሦስት ቦታ ያለቅሳል። በእኛው ግን አንድም ቦታ አላለቀሰም።»

«አማርኛ አልመሰለኝም።»

«‹አለቀሰ› አማርኛ አይመስልም?»

የያዝኩትን ሱሪ አገላበጥኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ እርስዎ ባንኳኩ ቁጥር ሰረዝኩ። ቃሉ ቦታ ቢቀይር ግድ የለኝም፤ ይሄ ግን ሌላ ሆነ። እንዲህ አድርጌ ካስረከብኩት ደራሲው የጻፈው ሰውዬ አይደለም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

ዓይኗ ከኋላዬ፣ በክፍቱ በር ወደሚታየው መደርደሪያ ሄደ። የባለቤቴ ሻርፕ እዚያ ታጥፎ ተቀምጧል። ከቀብር መልስ ያጠፍኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

«መልሺለት» አልኳት። «የሰው ለቅሶ ነው፣ መልሺለት።»

እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈችና አነበበች፤ «ሻርፑን ፊቱ ላይ አድርጎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።»

እጄ ለምዶበት ወደ መቀሱ ሄደ። አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

«ቀሪዎቹንም አንብቢልኝ።»

ሦስቱንም ቦታ አነበበችልኝ። እኔ አላለቀስኩም። እሱ ግን ሲያለቅስ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ተነሳሁና ሻርፑን ከመደርደሪያው አውርጄ፣ ሳልዘረጋው፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።