የቦጋለ ውሾች ዓይንና የሙህዲን ጋቢ

ወሎ፣ ወረሂመኖ ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ሙህዲን የወተት ጥርሱን እንኳ ያልነቀለ ልጅ ነበር። ያገሩ ሰው እንደ ልማዱ የታመመውን ከጤነኛው ለየና እሱንና እህቱን ማሳ ዳር በተቀለሰች ጎጆ አስገባቸው። ምግባቸው በረጅም እንጨት ጫፍ እየተገፋ ይደርሳቸዋል፤ የገፋው ሰው ፊቱን አዙሮ ይሮጣል። እህቱ እዚያው ቀረች። ሙህዲን ተረፈ፤ ግን ፊቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፣ ግራ ዓይኑን ነጭ ሞራ ጋርዶት ወጣ። እናቱ ስታቅፈው ጎረቤቶቿ ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ ሰደዱ።

መርካቶ ሲመጣ ጎልማሳ ነው። ሥራ በጠየቀበት ሱቅ ሁሉ ዓይኑን ያዩና «አንተ ገበያ ታባርራለህ» ብለው ይመልሱታል። የተቀበለው ከሲኒማ ራስ ጀርባ የቆዳ መጋዘን የነበረው አቶ ቦጋለ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ከሰው ፊት ሊያቆመው አይደለም፤ ውሾቹን እንዲጠብቅለት ነው።

ውሾቹ ግን ተራ ውሾች አልነበሩም። ከጀርመን አገር በመርከብ፣ ከጅቡቲ ደግሞ በባቡር የመጡ፣ ጆሯቸው የቆመ፣ ጀርባቸው የጠቆረ ወንድና ሴት ናቸው። ወንዱን መብረቅ፣ ሴቷን ሎሚ አላቸው። ቦጋለ እንግዳ በመጣ ቁጥር የውሾቹን አያት ቅድመ አያት በጀርመንኛ ስማቸው እየጠራ ይቆጥራል፤ ምላሱ እየተንተባተበም ቢሆን አንዱንም አይዘልም። አንድ ቀን በእንግዶቹ ፊት ሙህዲንን ጠራና፣

«አንተስ አያትህን ታውቃለህ?» አለው።

«አውቃቸዋለሁ ጌታዬ። ሰው ነበሩ» አለ ሙህዲን።

እንግዶቹ ሳቁ፤ ቦጋለ ግን አልሳቀም፤ ነገሩን በሆዱ ያዘ።

የአገሩ ልጆችም አልማሩትም። የውሻ ለሃጭ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነውና ሙህዲን ከሶላት በፊት እጁን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር ይታጠባል። ጋቢውንም ውሾቹ እንዳይልሱበት መጋዘኑ በር ላይ ካለው ምስማር ሰቅሎ ነው ወደ ግቢ የሚገባው። ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጠው ሐምዱ ባየው ቁጥር፣ «ሙህዲን፣ የመርካቶ አፈር እንዳያልቅብን እባክህ!» እያለ ያሽሟጥጠዋል።

በሦስተኛው ዓመት የመብረቅ ዓይን ታመመ። ከውጭው ጥግ ሥጋ የመሰለ ቀይ ነገር ተነሣና ወደ ብሌኑ ይሳብ ጀመር፤ ኋላም እየጠቆረ ዓይኑን እንደ መጋረጃ ሸፈነው። ብዙ ሳይቆይ ሎሚም ያዛት። ሁለቱ የተከበሩ ውሾች ከግንቡ ጋር ይጋጩ ጀመር።

የመጋዘኑ ግምጃ ቤት ኃላፊ ደምመላሽ ምክንያቱን ለመናገር አልዘገየም። «ምን ትመራመራላችሁ? የራሱን ዓይን አጋባባቸው! ዓይኑን አታዩትም? ቡዳ ነው!»

ወሬው ከመጋዘኑ ወጥቶ አማኑኤል ሰፈር ደረሰ። ሙህዲን ሲያልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ ሸክም ተሸካሚዎች መንገድ ይለቁለታል፤ ካለፈ በኋላ እንትፍ ይላሉ። የቦጋለ ሚስት ወይዘሮ ወሰንየለሽ መድኃኒቱን ታውቀው ነበር። ቡዳ የበላውን የሚያድነው የቡዳው የልብስ ቅዳጅ ነው፤ ፍም ላይ ተደርጎ የታመመው ይታጠንበታል። ቦጋለም ሙህዲንን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አቆመው።

«ከጋቢህ ጫፍ ቀደድ አድርገህ ስጥና ነገሩ ይለቅ።»

«አልሰጥም ጌታዬ።»

«እራፊ ጨርቅ ነው እኮ!»

«እራፊ ከሆነ የራስዎን ይቅደዱ። እኔ ከሰጠሁ ነኝ ማለቴ ነው። ልጄን ካሚላን የቡዳ ልጅ አላሰኛትም።»

«እንግዲያስ ውሾቼ ቢታወሩ ከዚህ ሰፈር በእግርህ አትወጣም» አለው ቦጋለ።

ሙህዲን በአፉ እንዲህ ይበል እንጂ የሁሉ አፍ አንድ ሲሆን ሰው ራሱን ይጠረጥራል። እህቱ አጠገቡ አልሞተችም? ውሾቹስ እሱ እያያቸው አይደለም የታመሙት? አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ሞራ ያለበትን ዓይኑን በጨርቅ አሰረ። ሚስቱ ጠሂራ አየችው።

«ምን ነካው ዓይንህን?»

«ምንም። ውሾቹን እንዳያይ ብዬ ነው። ምናልባት…»

«ምናልባት ምን? እኔን ስታየኝ ኖረህ የለም እንዴ? ታወርኩ? ከታወርኩስ አንተን ያገባሁ ለት ነው! ፍታው! እነሱ ያሉህ አንሶ አንተ ልትመሰክርላቸው ነው?»

ፈታው።

ሙህዲን ቅዳጁን አልሰጥም ቢል ደምመላሽ መንገድ አላጣም። ሙህዲን ግቢ ውስጥ ውሾቹን ሲያበላ ጋቢው ምስማሩ ላይ ነበር፤ ደምመላሽ ጫፉን በመቀስ ቆርጦ ለወይዘሮ ወሰንየለሽ ሰጣት። ሙህዲንን ለመልእክት ላኩትና ውሾቹን ጠባብ ክፍል ዘግተው ቅዳጁን ፍም ላይ አደረጉት። ጢሱ የታመመ ዓይን ውስጥ ሲገባ የውሾቹ ጩኸት ሲኒማ ራስ ድረስ ተሰማ። መብረቅ ዓይኑ ባያይም አፍንጫው ያይ ነበርና ደምመላሽን ጭኑ ላይ ዘነጠለው። ደምመላሽ እየደማ፣ «ቡዳው ውሻው ውስጥ ገብቶ ነከሰኝ!» ይላል።

በማግስቱ የውሾቹ ዓይን አብጦ ተዘጋ። ቦጋለ ያን ጊዜ ነው የደነገጠው፤ የፈረስና የውሻ ሐኪም የሆነ አንድ ሽማግሌ ግሪክ አስመጣ። ግሪኩ ሙህዲን ውሾቹን ይዞለት መረመራቸውና ተናገረ።

«ይህ ልክፍት አይደለም። ሰውነት ውስጥ ዘበኛ አለ፤ በሽታ ሲመጣ ይዋጋል። የእነዚህ ዘበኛ ተሳሳተ፤ የቤቱን ሰው፣ የገዛ ዓይናቸውን፣ ሌባ ነው ብሎ ይደበድባል። እዚህ ዘር ላይ ብዙ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ አገር ነው፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ያባብሰዋል።»

«ታዲያ ከማን ያዛቸው?» አለ ቦጋለ።

«ከማንም። ከአባት ከእናት።»

«ከየትኛው?»

«አያት ቅድመ አያታቸውን የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት። አንዱን ይጠይቁ።»

ደምመላሽ እግሩን እንደታሸገ፣ «ጢሱስ ምን አደረጋቸው?» አለ።

«ጢስ? ጢስ ያደረገውን ሰው አምጣና ልግረፈው!»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ግሪኩ ጠብታ ሰጠ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይደረግላቸው፣ ቀን ቀን ጥላ ውስጥ ይዋሉ አለ። ከጢሱ ወዲህ ግን ውሾቹ ከሙህዲን በቀር ማንንም አያስጠጉም። ቦጋለ ጫፉ በተቆረጠው ጋቢ ፈንታ ከሐምዱ ሱቅ ያማረ ጋቢ አስገዝቶ ላከለት። ሙህዲን ሳይገልጠው መለሰው።

«ጋቢ አልጠየቅሁም። ቡዳ ያሉኝ በሰው ፊት ነው፤ አለመሆኔንም በሰው ፊት ይናገሩ።»

«ለውሻ ጠባቂ ይቅርታ አልጠይቅም!»

«ይቅርታ አላልኩም። እውነቱን ነው ያልኩት። አለዚያ ጠብታውን ደምመላሽ ያድርግላቸው።»

ቦጋለ ከጥቂት ቀን በላይ አልቻለም። ገበያ በደራበት ቅዳሜ መጋዘኑ በር ላይ ቆመና ሙህዲንን ሳያይ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ «ውሾቹ የታመሙት ከዘራቸው ነው። ይህ ሰው ቡዳ አይደለም» አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ወረወረው። ከቆሙት ገሚሱ አመነ፤ ገሚሱ ከዚያም ወዲያ እንትፍ ማለቱን አልተወም።

ሙህዲን ጠብታውን አደረገላቸው። መጋረጃው ሳሳ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። ከቦጋለ ጋር ውሾቹ እስኪሞቱ ድረስ አብረው ሠሩ፤ ከሥራ በቀር አንዲት ቃል አልተለዋወጡም።

በስተርጅናው ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁት እንዲህ ይል ነበር፦ «ፈንጣጣም አልገደለኝ፣ የሰው ምራቅም አልገደለኝ። ቦጋለ በሩ ላይ ቆሞ የተናገረውንም ትልቅ ነገር አልለውም፤ ቸግሮት ነው። ያዳነኝ ጠሂራ ፍታው ስትለኝ መፍታቴ ነው። ጨርቁን ዓይኔ ላይ ብተወው ኖሮ ሌላ ምስክር አያስፈልጋቸውም ነበር።»