ጠመንጃ ያዥ የተጠገነችው ጀልባ

በሳሎኔ መስኮት ጠርዝ ላይ አንድ የነሐስ ክዳን ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ አንስቶ ያገላብጠዋል፤ የሲጋራ መተርኮሻ የሚመስለውም አለ፣ የአሮጌ ሰዓት ሽፋን ነው ብሎ የሚከራከርም አልጠፋም። መሀሉ ላይ በምስማር የተበሳች ጠማማ ቀዳዳ አለችበት። አፍንጫዬን ባስጠጋሁ ቁጥር ዛሬም ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል። ልጆቼ ምንም አይሸትም ይሉኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ነበር፤ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካሳለፈ ተመስገን የሚባልበት ሰፈር። አባዬ የናፍጣ መኪና መካኒክ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ የተፈታታ ሞተር ማየት ብርቅ አልነበረም። ጀልባ ግን ብርቅ ነበር። ከዝዋይ በጭነት መኪና ተጭና የመጣች ቀን የጎረቤት አጥር ቆርቆሮ ተነቅሎ፣ ወንዱ ሁሉ ትከሻውን ሰጥቶ፣ ሴቱ ሁሉ እየሳቀ ነው ግቢ የገባችው። በንጉሡ ጊዜ ለባለጸጎች ሽርሽር ከውጭ የመጣች የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል፣ በቆዳ የተለበጠ መቀመጫ፣ አፍንጫዋ ላይ የነሐስ ጌጥ። ሐይቁ ዳር ከአንድ ሆቴል ጀርባ ለዓመታት ዶሮ ሲያድርባት ኖራ፣ ባለቤቱ ለማገዶ ሊፈልጣት ሲል አባዬ ለምኖ ወሰዳት። ቧንቧው ሲፈልግ በሚመጣበት፣ ሳይፈልግ በሚቀርበት ሰፈር ጀልባ የሚጠግን ሰው ምን ተብሎ ይጠራ? ኖኅ አሉት። ታክሲ ተራ ድረስ ስሙ ያ ሆነ።

እማዬ ብቻ አልሳቀችም። እሷ የተወለደችው ዝዋይ ሐይቅ መሀል ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ ነው። ልጅ ሆና ከታላቅ ወንድሟ ጋር በሸምበቆ ጀልባ ሲሻገሩ ማዕበል ገለበጣቸው፤ እሷ ተረፈች፣ እሱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን የተሻገረችው ለትዳር ስትመጣ ብቻ ነው፤ ያኔም ዓይኗን በነጠላ ሸፍነው። ደሴቱ ላይ የቀሩት አባቷ ዓይናቸው እየጠፋ ሄደ። በዓሣ ነጋዴዎች አፍ፣ ፊቷን ማየቱ ቢቀርብኝ በእጄ ልዳብሳት እያሉ ይልኩባታል። እርስዎ ይምጡ ሲባሉ ደግሞ ልጄን የወሰደውን ውሃ ተሻግሬ አልሄድም ይላሉ። አባትና ልጅ አንድ ውሃ ፈርተው ማዶና ማዶ ተቀምጠው ነበር። አባዬ ጀልባዋን ያመጣት በሸምበቆ እሺ ያላለች በሞተር እሺ ትላለች ብሎ ነው። እማዬም ብዙ ተለምና አንድ ቀን ከልደታ ማርያም ስትመለስ ቁርጡን ነገረችው። እሄዳለሁ፣ ግን ጀልባዋ ውሃ መሀል ከቆመችብኝ ሁለተኛ የውሃ ነገር አታንሳብኝ አለችው።

አባዬ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። የእንጨቱን ሥራ የያዘው ጓደኛው ጋሽ ደበሌ ነበር፤ አልጋና የሬሳ ሣጥን የሚሠራ አናጢ። የበሰበሰውን ጣውላ እያወጣ አዲስ ይተካል፣ በየስንጥቁ ቀለም የጠጣ ጥጥ ይጠቀጥቃል። አልጋ ይሁን ሣጥን እየሠራሁ ያለሁት አልገባኝም ብሎ ሲቀልድ እማዬ ሰምታ ለሁለት ቀን ቡና አላቀረበችለትም። አባዬ ደግሞ ዝጎ ያለቀውን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ የትንሽ ጭነት መኪና ናፍጣ ሞተር ተከለ። ቤንዚን በዝግ ቦታ ትነቱ ይጠራቀምና በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል፣ ናፍጣ ግን ጨዋ ነው ይል ነበር። የናፍጣ ማጠራቀሚያውን፣ መካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉትን፣ ራሱ ቀጥቅጦ በየደው። ከዚያ እስከ ሞተሩ የመዳብ ቧንቧ ዘረጋ፤ እንዳይፋተግ በየቦታው በላስቲክ እየጠቀለለ፣ በመሀል ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ እያስገባ።

ፍርሃቱ አንድ ነገር ነበር፤ ናፍጣው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። ውሃ ከገባ ሞተሩ ይቆማል፣ ሞተሩ ከቆመ እማዬ አባቷን ሳታይ ትቀራለች። የሳልባትዮውን የነሐስ ክዳን ከአሮጌ ጭነት መኪና ላይ ነው የፈታው። የመኪና ክዳን አናቱ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለችው። አባዬ ማዕበል በዚች ይገባል ብሎ በእርሳስ ደፈናት፤ ከሥሩም ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ አደረገበት። አጥብቆ ከዘጋው በኋላ በባልዲ ውሃ ደፋበት። ጠብታ አልገባም። እንደዚያ ቀን ሲፈነድቅ አይቼው አላውቅም።

የግንቦት ልደታ ዕለት የሰፈሩ ሰው ንፍሮውን ይዞ ጀልባዋ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ጀልባዋንም መረቋት። አባዬ ለማቀዝቀዣው ከበርሜል ውሃ እያጠጣ፣ የናፍጣውን ክዳን ከፍቶ ምን ያህል እንደወረደ በእንጨት እየለካ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሲያስጮኸው ዋለ። አንዴም አልደነቀፈም። ኖኅ ማለት ያን ቀን ስድብ መሆኑ ቀረ።

ጀልባዋን ዝዋይ አድርሰን ውሃ ላይ እስክናወርዳት ቀኑ ተጋመሰ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ነፋስ አለው። እማዬ እኔን ትታ መሄድም ይዛኝ መሄድም ፈራች። በመጨረሻ የነጠላዋን ጫፍ ወገቤ ላይ ቋጥራ፣ ሌላውን ጫፍ የራሷ ወገብ ላይ አስራ ገባች። ከአባዬና ከጋሽ ደበሌ ጋር አራት ሆንን። ዳርቻው ከኋላችን ቀጭን መስመር እስኪሆን ሞተሩ ልብ የሚያሳርፍ ድምፅ ነበረው። እማዬ ዓይኗን ገልጣ ደሴቱን ማየት ጀምራ ነበር። ከዚያ ድምፁ ሳሳ፣ ተንገዳገደና ጸጥ አለ።

አየር ገብቶበት ነው አለ አባዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቧንቧውን አላልቶ በእጅ የምትመታዋን ትንሽ ፖምፓ እየመታ አየሩን አስወጣ። ፖምፓዋ ከብዳው ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሞተሩ ተነሳ፣ ጥቂት ሄደ፣ ደግሞ ቆመ። እንደገና አስነሳው፤ እንደገና ቆመ። ነፋሱ በጎን ይዞን ወደ ሸምበቆው ይገፋን ጀመር፤ እዚያ የጉማሬ ጀርባ ብቅ ጥልቅ ይላል። ማዕበሉ በጣውላው ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ጋሽ ደበሌ ጨርቅ እየወተፈ፣ ከቀልድ ጋር የተዋወቀም አይመስልም ነበር። የእማዬን ፊት አየሁት። አታለቅስም፣ አትጮህም፤ እጇ ግን ወገቤ ላይ ያለውን ቋጠሮ ደጋግሞ ያጠብቃል። ያን ቀን የፈራሁትን ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ደበሌ ውሃ መቅጃ እንዲሆን ከእኛው ማድ ቤት የዘይት ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቂጧን ቆርጦ አፍ አድርጓት። እሷን ለእማዬ ወረወረላትና መቅዳት ጀመረች። ያን ጊዜ የዘይት ቆርቆሮ ስንከፍት ክዳኑን በምስማር ሁለት ቦታ ነበር የምንበሳው፣ አንዱ ለዘይቱ አንዱ ለአየሩ። አንድ ብቻ ከበሳህለት ዘይቱ ትንሽ ይወርድና ቀጥ ይላል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እማዬ ውሃውን ቀድታ ስታነሳ በነዚያ በድሮዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ። ቆም አለች። ቆርቆሮዋን ከፍ አድርጋ ከሥር አየቻት።

"ታደሰ" አለች፣ "ያ ሳልባትዮህ ስንት ቀዳዳ አለው?"

"አሁን የቀዳዳ ጊዜ ነው?" አላት አባዬ ቀና ሳይል። "መውጫው ከታች ነው። ከላይማ ድፍን ነው፣ ራሴ ነኝ የደፈንኩት።"

"እንግዲያውስ አይወርድልህም። ዘይት እንኳ አይወርድም።"

የአባዬ እጅ ፖምፓዋ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ክዳኑን ታገለው። የናፍጣውን መጉደል የሚተካ አየር ስላልነበረው ከውስጥ ተጣብቆ ነበር። ሲላቀቅ ሳልባትዮው ሽው ብሎ አየር ሳበ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው እንደሚተነፍሰው። ጋሽ ደበሌ ክዳኑን ያዘለት፣ አባዬ ምስማር ደግኖ መታው። ጀልባዋ እየወዘወዘችው ነበርና ቀዳዳዋ ጠማማ ሆነች። ሞተሩ ተነሳ።

አባዬ ግን ወደ ደሴቱ አላዞረም። ጀልባዋ ቆማለች፤ ቃል ቃል ነው። ዓይኗን ሳያይ፣ እንመለስ ወይ ብሎ ጠየቃት።

"የቆመችው ጀልባዋ ናት፣ እኔ አይደለሁም" አለችው። "ንዳ።"

ማዕበሉ በቀዳዳዋ እንዳይረጭ የነጠላዋን ጥግ አጥፋ ክዳኑ ላይ ጣል አደረገች፤ ጨርቅ አየር አይከለክልም። እስክንደርስ እጇን ከዚያ ላይ አላነሳችም። ዓይኗንም አልጨፈነችም።

አያቴ የሞተር ድምፅ ሰምተው ዳር ወጥተው ቆመው ነበር። ፊቷን፣ ፀጉሯን፣ ጆሮዋን ዳበሱ። እጇን ይዘው ሊስሙ አፋቸው ሲያደርሱት ቆም አሉና አሸተቱት። በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት፣ እሷም መለሰችላቸው። ምን እንደተባባሉ ማታ ነገረችኝ። ይህ ሽታ ምንድን ነው ልጄ ብለዋት፣ መንገዴ ነው አባባ፣ የመጣሁበት መንገድ ነው ብላቸው ኖሯል። ያንን እጅ ሲመሽ እንኳ አለቀቁትም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ለቀብራቸው ስንሄድ እማዬ ሐይቁን ማንም ሳይለምናት ተሻገረች።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ልደታ ፈርሳ ተሠርታለች፤ ጀልባዋ የቆመችበትን ቦታ ፈልጌ በአንድ ፎቅ መኪና ማቆሚያና በአንድ ሱቅ መሀል መሆኑን ብቻ ነው የገመትኩት። ዘይት በፕላስቲክ ይመጣል፤ ልጆቼ ምስማር ይዞ ቆርቆሮ መብሳትን አያውቁም። አባዬ ከሞተ በኋላ እማዬ እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ገባች። በሐምሌ ብርድ እንኳ የሳሎኑን መስኮት ጣት የምታሳልፍ ያህል ትከፍተዋለች። ቤቱ ይተንፍስ ትላለች። እኔ እዘጋዋለሁ፣ እሷ ትከፍተዋለች፣ እንነታረካለን።

እሷም አባዬን ተከትላ ሄደች። አሁን የሚከፍተው የለም። ማታ ማታ ሁሉንም ቆልፌ ስጨርስ ወደ ሳሎን እመለስና መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጌ፣ ነፋሱ እንዳይዘጋው ክዳኑን ከሥሩ አደርግበታለሁ።