ከሉን ያቀላች ካሜራ

ምንተስኖት የዘመሮ ከተማ ፎቶ አንሺ ነው። እጁ አያርፍም። የሰው ሬዲዮ ይፈታል፣ መልሶ ሲገጥመው ግን ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። በዚህ ራሱም ይስቃል፤ ከመፍታት ግን አይመለስም።

የሚሌኒየሙ ሰሞን ታዲያ ጓሳ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚያጠና አንድ ሰው ያነሳውን ፎቶ አሳየው። ሣሩ አመዳይ የወረደበት መስሎ ነጥቷል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ሰውዬው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፣ አለው፤ ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ያንን ብርሃን የሚከለክል ትንሽ መስታወት አለ፣ እሱ ከወጣ ካሜራው ያየዋል። ምንተስኖት ከዚህ በላይ አልጠየቀም። የሚጠይቅ ሰው ቢሆን ብሎን ይተርፈው ነበር?

ያለችውን አንዲት ካሜራ በሰዓት ሠሪ መፍቻ ፈታትና መስታወቷን አወጣ። ከፊልም ዘመን የተረፈ የተቃጠለ ጥቁር ፊልም ቆርጦ፣ ዓይን የሚያየውን ብርሃን እንዲከለክል ሌንሷ ላይ ለጠፈ፣ ጓሳ ወጣ። እውነትም ሣሩ ነጣ! ከዚያማ ማን ይቻለው፤ የእኔ ካሜራ የማታየው የለም እያለ ከተማውን አሰለቸው።

ጥቁሩን ፊልም ሲያነሳላት ወደ ድሮዋ የምትመለስ መስሎት ነበር፤ መስታወቷን ግን አልመለሰላትም። ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ጠጄ ጥቁር ከል ለብሰው መጡ። የባላቸው ወንድም አቶ ገብረየሱስ ታመው ለቀብር አልደረሱምና፣ ኀዘናቸውን በፎቶ እንዲያዩላቸው እሳቸው ወዳሉበት ወደ ራቤል ሊልኩላቸው ነው። አነሳቸው። ስክሪኗ ላይ ቀሚሱ ቀላ ብሎ ሲያየው፣ ስፈታት እርጥበት ገብቷት ነው ብሎ አለፈው። ፎቶው ደብረ ብርሃን ታጥቦ በዚያው ራቤል ሄደ።

በተዝካሩ ዕለት አቶ ገብረየሱስ ፎቶውን ይዘው ከች አሉ። ፎቶው ላይ እትዬ ጠጄ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል! የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ቀይ ለብሳ ከተነሳች ሴት ቤት እህል አልቀምስም ብለው ደጅ ቀሩ። እትዬ ጠጄ ያንኑ ከል በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ይኸው እሱ ነው እያሉ አለቀሱ። ማን ይመናቸው? ፎቶ ይዋሻል እንዴ?

ምንተስኖት ተጠራ። እውነቱን ቢናገር እንጀራው መዘጋቱ ነው፤ ዝም ቢል የሴትዮዋ ስም መቀበሩ። ዕድምተኛውን አየና አንገቱን ደፋ።

«ካሜራዋን እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አለ።

አቶ ገብረየሱስ አላመኑትም። ምን ያድርግ፣ የእትዬ ጠጄን የነፍስ አባት ቄስ አትናቴዎስን በጥቁር ካባቸው አቁሞ አነሳና ስክሪኗን አሳያቸው። ቄሱ ቀይ ሥር ውስጥ የተነከሩ መስለዋል። አቶ ገብረየሱስ አንዴ ስክሪኗን፣ አንዴ ቄሱን አዩ። ሳቃቸውን ሊውጡ ታገሉ፣ አልሆነላቸውም፤ ተዝካሩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እትዬ ጠጄ እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ።

ምንተስኖት ያንን ፎቶ ቀድዶ በደህና ካሜራ፣ ከሰው ተውሶም ቢሆን፣ ሊያነሳቸው ቃል ገባ። እትዬ ጠጄ ግን ፎቶውን ከእጁ ወሰዱበት።

«ተወው ልጄ» አሉት። «ባሌ ሊሞት ሲል ጥቁር እንዳትለብሺብኝ ብሎኝ ነበር። ሰው ፈርቼ ለበስኩ። ይኸው እሱ ራሱ አቀላው።»

ምንተስኖት ስለዚያ መስታወት ሊያስረዳቸው አሰበና ተወው፤ ፎቶውን የሚጠቀልሉበት ወረቀት ፈለገላቸው።