እናቴ በቲዘሩ መጨረሻ

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት ናት። በዕድሜዋ ሰው አስደንግጣ አታውቅም፤ ድመት እንኳ ስታባርር «ይቅርታ፣ እስቲ ውጪልኝ» ነው የምትለው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ አንድ ነው፤ እኔ ስቱዲዮ ውዬ እስክመጣ የአምስት ዓመት ልጄን መያዝ። እንቅልፍ እንኳ አይለያቸውም፣ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት።

እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ። የአስፈሪ ፊልም ቲዘር፣ ያቺ ከፊልሙ በፊት የምትለቀቀው አጭር ማስታወቂያ፣ የራሷ ሕግ አላት። ታሪኩን አትንገር። መጀመሪያ ደህና ቤት አሳይ፣ ከዚያ ብርሃኑን ቀንስ፣ ከዚያ ድምፁን ድርግም አድርገህ አጥፋ። ተመልካቹ «እፎይ፣ አለፈ» ሲል ከጩኸት ጋር አንድ ፊት ድንገት አምጣበት። ይህን ሕግ ከማንም በላይ አውቃለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር። ኩራቴን አፈር ይብላው!

በቅርቡ በያዝኩት ቲዘር ለመጨረሻዋ ፊት የተቀጠረችው ተዋናይ ቀረች። የፊልሙ ዳይሬክተር «ነገ ካልደረሰ አለቀልን» ብሎ ጮኸ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ካሜራ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

«እማዬ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ቁሚና ልጅቷን እንደምትጠሪያት ጥሪ።»

«በዚህ ፀጉር? ቆይ እንጂ፣ ላበጥረው!»

«ተይው፣ እንዲሁ ያምራል።»

ቆመች። ፈገግ አለች። እጇን ዘርግታ «ነይ የኔ እናት፣ ነይ» አለች። ከዚህ ሌላ ምንም አላደረገችም፣ እውነቴን ነው።

የቀረውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ብርሃኑን ገፈፍኩት፣ ድምጿን አወፈርኩት፣ ፈገግታዋን አዘገየሁት። ፈገግታ ሲዘገይ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይገባውም። ዳይሬክተሩ ሲያየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣና «ይቺን ጉድ ከየት አመጣሻት?» አለኝ። «እናቴ ናት» ስለው አፉን በእጁ ያዘ። እኔ ሳቅኩ። ሳቅኩ እንጂ!

ቲዘሩ ቅዳሜ ጠዋት ተለቀቀ። ከምሳ በኋላ ሳህን ሳጥብ ልጄ ከሳሎን ስትጮኽ ሰማሁ። ስልኬን ሶፋው ላይ ትቼው ኖሯል። ሮጬ ስደርስ ስልኩ ቲዘሩ እንደተከፈተ ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ልጄ ሶፋውና ግድግዳው መሃል ተሸጉጣለች። እናቴም ጩኸቱን ሰምታ ከመኝታ ቤት እየተጣደፈች ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች።

«ምነው የኔ እናት? ነይ፣ ነይ።»

ክው አልኩ። ልጄ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፣ ሽንቷ አመለጣት።

እናቴ ምንም አልገባትም። ስልኩን አንሥታ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ቀና ብላ «ይቺ እኔ ነኝ?» አለችኝ። ወይ አፈር በበላሁ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ እናቴ ያለችበት ክፍል አልገባም አለች። ማክሰኞ ልጄን ኮምፒውተሬ ፊት አስቀመጥኳትና ሳልነካካው በፊት የቀረጽኩትን አሳየኋት፤ ብርሃኑም የእናቴ ድምፅም እንደነበረ ያለውን። «አየሽ? እውነተኛዋ እማማ ይቺ ናት» አልኳት። አተኩራ አየችው።

«ይሄኛው ውሸቱ ነው» አለችኝ።

እናቴ በር ላይ ሆና ሰምታለች። ሐሙስ ዕለት «ለወንድምሽ ደውዪለት፣ እሱ ጋ ልሂድ። ልጅ በገዛ ቤቷ መፍራት የለባትም» አለችኝና ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ታጣጥፍ ጀመር። ብለምናት፣ ባለቅስባት ወይ ፍንክች!

ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ስታጣጥፍ ልጄ ቀስ ብላ ገባች። አጠገቧ ደረሰችና ወገቧን ከኋላ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። የእናቴ እጅ ሹራቡ ላይ ቀረ። ልትዞር ስትል ልጄ ፊቷን ጀርባዋ ውስጥ ቀበረች።

«እማማ፣ እንዳትዞሪ።»

«እሺ የኔ እናት» አለች እናቴ። «አልዞርም።»

አልሄደችም። ይኸው ሁለተኛ ሳምንታችን ነው፤ እናቴ ለልጄ ተረት የምታወራላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።