ሥሩ ክፍት ነው የተባለው ልብ

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ የገባ ሰሞን ነው ደሴ አንድ ሆስፒታል ጽዳት የተቀጠርኩት። የመጀመሪያው ቀን አለቃችን ጦይባ ባልዲና መወልወያ አስጨበጠችኝና፣ «ዘሀራ፣ ከጥግ ጀምረሽ በር ላይ ጨርሺ። ከበር ከጀመርሽ የገዛ ሥራሽን ስትረግጪ ትውያለሽ» አለችኝ። በረኪናው ዓይኔን እያቃጠለኝ ሳቅሁ። ወለል ማጠብም ትምህርት አለው እንዴ!

ወለሉን ተማርኩት። የማይማረው ጠያቂ ነው። የኛ ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ መንደሩን ነቅሎ ነው። በሽተኛው ደግሞ ነፍሱ ልትወጣ እያለች ለትልቅ ሰው ካልተነሳሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ይገኛልም።

ኋላ፣ ኢሕአዴግም እንደኔ ሲያረጅ፣ ሰይድ የሚባል ጎልማሳ እኛ ጋ ተኛ። ኮምቦልቻ ታላቅ ወንድሙ መጋዘን እህል ተሸካሚ ነው። ክፉ ጉንፋን ይዞት ሲያተኩሰው ወንድሙ ሐጂ እንድሪስ «ላብ ያወጣለታል» ብለው ጤፍ አሸከሙት። የሐጂ መድኃኒት! ደረቱን ይዞ ወደቀ።

ልቡ ነው ተባለና አዲስ አበባ ላኩት። እዚያ የልቡን የደም ሥር በመሣሪያ አይተው፣ የተዘጋ የለም፣ ግን ይረፍ ብለው ለኛ መለሱት።

ሐጂ የሰሙት ግማሹን ነው። ጠያቂውን አስከትለው ገቡ።

«ሥሩ ክፍት ነው ተብሏል። ተነስ እንግዲህ፣ መኪናው እየተጫነ ነው።»

ዶክተሩ፣ «ሐጂ፣ ሥሩ ባይዘጋም ልቡ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ጉንፋን ሲበረታ ልብንም ይመታል። አሁን ሸክም ከነካ ሊሞትብዎ ይችላል» አላቸው።

«ያ አላህ! ጉንፋን ልብ ይመታል? ስንቱን ጉንፋን በነጭ ሽንኩርት ቀብረናል እኮ!»

ጠያቂው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ድንቄም ሐኪም! ሰይድ ሚስኪኑ፣ ወንድሙ ቆሞ እሱ መተኛቱ አሳፍሮት፣ ጫማውን በእግሩ ይፈልጋል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

እኔ ከጥጉ ጀምሬያለሁ። ውጡ ብል ማን ሊሰማኝ! ባልዲውን ከነሳሙናው በአልጋውና በሐጂ መሀል ቸለስኩት።

«ርጥብ ነው ሐጂ፣ አይርገጡ!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽና!» ብለው ረገጡ።

እግራቸው ወደ መስኮት፣ ቆባቸው ወደ በር።

«ወይኔ ልቤ! ልቤ ቆመች!»

ዶክተሩ ሮጦ አዳመጣቸው። ድንጋጤ እንጂ ሌላ የለም አለ።

«ሥርዎ ክፍት ነው ሐጂ» አልኳቸው። «ይነሱ እንግዲህ፣ መኪናው እየተጫነ ነው።»

ሰይድ ትራሱን ነክሶ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ደረታቸውን ይዘው አልጋው ጫፍ ቁጭ አሉ።

«አንተንም እንዲህ አድርጎህ ነበር?»

«ከዚህም ይብሳል፣ ወንድም ጋሼ።»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳቡለት። «ተኛ» አሉት። መኪናውን ሌላ ሰው ጫነው።

ጽዳት ለምትገቡ ልጆች፦ ከጥግ ጀምራችሁ በር ላይ ጨርሱ። ጉንፋን ያተኮሰው ሰው ደረቴን ካለ ደግሞ አታሸክሙት።