የአራት ጣት ጭማሪ

የልብስ ስፌት መኪናዬን ጭኜ ከአዋሽ ሰመራ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ፤ ለልጅ ስሰፋ ከልኩ አራት ጣት እጨምራለሁ። ልጅ ያድጋላ! ልብሱ ግን አያድግም። ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ እኔም ፊደል ከመቁጠር ብዙ አላለፍኩም።

አንድ ዓመት ኡስታዛችን ሱቄ መጣ። ለመውሊድ አዋሽ ወስዶ መንዙማ የሚያስብላቸው አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ነጭ ጀለቢያ፣ አረንጓዴ ሰደርያና ነጭ ኮፍያ እንድሰፋላቸው ፈለገ።

«ትንሽ ሰፋ ይበል አባባ፣ በዚህ ሙቀት አየር ያስገባላቸው።»

እሺ ብዬ ልክ ወሰድኩ። ከዚያ እናቶች መምጣት ጀመሩ። አብረው ቢመጡ ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር። አንድ በአንድ፣ አንዷ ሌላዋ እንዳትሰማ እየተጠነቀቀች ነው የመጡት። መንዙማውን ከፊት ሆኖ እየመራ የሚያወርደው ልጅ እናት፣ እዚሁ ጎረቤት ሎጊያ ሻይ ቤት ያላት የአገሬ የወሎ ሰው፣ ጭራሽ ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች።

«በአላህ ይዤዎታለሁ አባባ፣ ለኔ ልጅ ብቻ አራት ጣት ይጨምሩለት። ለከርሞም ይሆነዋል።»

ለእሷም እሺ፣ ለሁሉም እሺ። የራሴ አራት ጣት ግን አልተነካም፤ እሱ ሕግ ነው። የኡስታዙም ስፋት አለ። «ና፣ ለብሰህ ሞክረው» የሚባል ነገር ደግሞ እኔ ዘንድ የለም።

ኡስታዙ ልብሱን የሰመራ አቧራ እንዳይነካው ጆንያ ውስጥ አስሮ፣ «አዋሽ ሳንደርስ ማንም እንዳይፈታው!» አለ። እኔም የድሮ ደንበኞቼ ሥራዬን ይዩልኝ ብዬ አብሬ ተሳፈርኩ።

የመውሊዱ ዕለት ጠዋት ጆንያው ተፈታ። ልጆቹ ለበሱ። ሱብሃነላህ! እጅ የለ፣ እግር የለ። አሥራ ሁለት ጀለቢያ ብቻውን ቆሟል።

ኡስታዙ አየ፣ አየና ወደኔ ዞረ። «አባባ፣ የልጆቹን ነው የሰፉት ወይስ የአባቶቻቸውን?»

«ያድጋሉ» አልኩ።

«እስከ ዙሁር ሰላት?»

በር ላይ የአዋሽ ልጆች ልክክ ያለ ልብሳቸውን ለብሰው ይንከተከታሉ። አንዱ አውራጁን፣ «አንተ፣ የማንን አልጋ ልብስ ገፍፈህ መጣህ?» አለው። ልጁ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ እንዲህ ሆኜ አልገባም።»

ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው፤ አውራጅ ከሌለ ምን ይቀበላሉ?

«መቀስ አምጡ፣ ይቆረጥ!» አለ ኡስታዙ።

«ሞቼ ነው!» አልኩ። ለከርሞ ብዬ ቃል የገባሁበት ጨርቅ አይቆረጥም። ስፒሉን በአፌ ይዤ አውራጁ ፊት ተንበረከክሁ። እጀታውን አጠፍኩ፣ ታችኛውንም አጠፍኩ፣ በእጅ መርፌ ጠቀም ጠቀም አደረግኩት። ልጁ ቁልቁል እያየኝ፣ «ቢፈታስ አባባ?» አለ።

«ከተፈታ እኔ ከኋላህ ነኝ» አልኩት። ስፒል በአፌ ስለነበር ምን እንደሰማ እንጃ። ብቻ ኮፍያውን መልሶ ደፋ፤ እኔም ወደ ቀሩት አሥራ አንዱ ዞርኩ።

ወደ መውሊዱ ገቡ። ልጁ ሲያወርድ የአዋሽ ልጆች ሳቃቸውን ዋጡ። ጭብጨባው ሲሞቅ ግን የቀኝ እጀታው ተፈታና እጁን ዋጠው። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ዞር ብሎ ፈለገኝ። በጉልበቴ እየዳህኩ ደረስኩና እጀታውን ወደ ላይ ሰብስቤ ያዝኩለት። እሱ ሲያጨበጭብ የኔም እጅ አብሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሽማግሌዎቹ መንዙማው የነሸጠኝ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ልጁም እስከ መጨረሻው አወረደ።

በዓመቱ እናቱ ይዛው መጣች። ክሩን ፈታሁት፤ እጀታው ልክ፣ ቁመቱ ልክ።

«አላልኩሽም?» አልኳት። «በል እስኪ፣ አንዴ አውርድልኝ።»

አፉን ከፈተ። የወጣው ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር የተሳቢ ድምፅ ነው። ራሱም ደንግጦ አፉን ያዘ። ለአጥንቱ አራት ጣት ትቻለሁ፤ ለድምፁ ማን አሰበ?

ኡስታዙ ከተቀባዮቹ ጋር ኋላ አቆመው። ልጁ ለቀናት አኮረፈ። በፊቱ የቆመው አዲሱ አውራጅ ገና ወገብ የማይደርስ ጩጬ ነው፤ ለእሱም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኡስታዙ እጀታውን አይቶ፣ «አባባ፣ ዘንድሮም?» ብሎ ሊቆጣ ሲል ከኋላ ያ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ግዴለም ኡስታዝ። ከተፈታ እኔ ከኋላው ነኝ።»

ለካ ያኔ ሰምቶኝ ኖሯል።