የምሳ ሰዓቱ ጆሮ ጠቢ

ጎሚስታው እናቱ ያወጣችለት ጥሩ ስም ነበረው፤ በሚሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ግን በዚያ ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁሉም "ቫር" ነው የሚለው። ኳስ ለማትከታተሉ፣ ቫር ማለት ዳኛ አንድ ነገር ሲያጠራጥረው በቪዲዮ መልሶ መላልሶ የሚያይበት ዘዴ ነው። ሰውየውም እንደዚያው ነበር። ሐኪም መርምሮ "ምንም የለብህም" ሲለው፣ ምን ቢደብቀኝ ነው እያለ ሲገላበጥ ያድራል። ሹፌር "አቋራጭ አውቃለሁ" ካለው እንቅልፍ ቢያንጎላጀው እንኳ ዓይኑን አይከድንም። ሚስቱ በደህና ቀን ፈገግ ብትልለት፣ ከፈገግታው ጀርባ ምን እንዳለ ሳያጣራ ምሳውን በሰላም አይበላም።

እንግዲህ ይህ ሰው የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ እሱም የሚስቱ ወንድም፣ የጋራዡ በያጅ ነው። ጎሚስታውን እዚህ ሥራ ያስገባው እሱ ነው፣ ከእህቱ ጋር ያስተዋወቀውም እሱ ነው። ሚስት የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው፣ ቃል ከአፉ በስንት መከራ የሚወጣ ሰው ነበር። እህቱ የሁለቱንም ምሳ በአንድ ዕቃ ትቋጥርላቸዋለች፤ ጎሚስታው እያወራ፣ በያጁ ራሱን እየነቀነቀ አብረው ይበላሉ። ጎሚስታው የቀዮቹ፣ በያጁ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ መሆናቸው እንኳ አላጣላቸውም።

ምሳ የሚበላው ከጋራዡ ጓሮ፣ ከበያጁ ሥራ ቦታ አጠገብ፣ በቆርቆሮ በተከደነች መጠለያ ሥር ነው። ወንበሮቹ ከአሮጌ አውቶቡሶች የተነቀሉ ናቸው። ቀዮቹ በአንድ በኩል፣ ሰማያዊዎቹ በሌላ በኩል ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሕግም አላቸው፤ ቅዳሜና እሑድ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊዎች ሳምንቱን ሙሉ ሽቦው የወጣው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። እኩል ለእኩል ከወጡ ሁሉም ይቆማሉ።

ወሬው ከኳስ ይጀምራል፤ ግን አንድም ቀን በኳስ አልቆ አያውቅም።

"ሜዳው ተቦዳድሶ ተጫዋች እግሩ እየተሰበረ፣ እነሱ የስታዲየሙን አጥር ቀለም ይቀባሉ!" ይላል ቀለም ቀቢው፣ የቀዮቹ አንጋፋ።

"መንገዱስ? አውቶቡሶቹ ጉድጓድ እየገቡ አይደል እንዴ እዚህ የሚጎተቱት? እነሱ ግን የመንገድ ዳር መብራት ያሳምራሉ" ትላለች የዕቃ ክፍሏ ሴትዮ። ሰማያዊ ናት፤ ግን መንግሥትን ስታማ ቀለም አትለይም።

"አሰልጣኝ ስለተቀየረ ጎል አይገባም" ይላል ኤሌክትሪሺያኑ። "ሚኒስትር ስለተቀየረ ዘይት አይረክስም። እስቲ የባለፈው ሲነሳ ምን ረከሰ?"

"ዝም በል! የምንዛሪው ነገር የሚኒስትር ጥፋት ነው እንዴ? የዓለም ገበያ ነው!" ይለዋል ቀለም ቀቢው።

"የዓለም ገበያ! ቡድንህም ሲሸነፍ ነፋሱ ነው ትላለህ!"

እንዲህ እየተጯጯሁ፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ፣ አገሩን አፍርሰው ሠርተው ደወል ሲደወል ይነሳሉ። ጎሚስታው ከሁሉም በላይ ይጮሃል፤ ከሁሉም በላይ የሚጠረጥረውም እሱ ነው። የነዳጅ ወረፋ ሲረዝም፣ ነዳጁ የት እንደሚደበቅ አውቃለሁ ይላል። የት ሲሉት "እሱን አልናገርም፤ ግድግዳም ጆሮ አለው" ይላል፤ ይህንንም የሚለው እየጮኸ ነው።

አንድ አርብ ቀን ቀዮቹ ሽቦው ላይ ተቀምጠው፣ ጎሚስታው ደሙ ፈልቶ "ይቺ አገር በረኛ ሳይኖራት የምትጫወት ቡድን ናት! የመጣው ሁሉ ያገባባታል!" አለ። ሳቁ። ሰኞ ጠዋት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ሥራ ልብስ ሲናገር ቆየና፣ መጨረሻ ላይ ፈገግ ብሎ "በነገራችን ላይ፣ አገሪቱ በረኛ የላትም የሚል ሰው እዚህ ግቢ አለ አሉ" አለ።

ጎሚስታው ክው አለ። ቃል በቃል የእሱ ንግግር ነው። አርብ መጠለያው ሥር የነበሩት እነዚያው ሰዎች ብቻ ናቸው። እንግዲያው ከእነሱ መሃል አንዱ ነገር ያመላልሳል!

ከዚያ በኋላ ምሳ ምሳ አልሆነም። አንዱ ሲናገር ሌላው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ኤሌክትሪሺያኑ ስለ ዘይት ጀምሮ መሃል ላይ ምላሱን ይውጣል። የዕቃ ክፍሏ ሴትዮ "እኔ እንኳ ስለ ፍፁም ቅጣት ምቱ ነው ያልኩት፣ እንዳትሳሳቱ" እያለች ትምላለች። ጎሚስታው ደግሞ ቤቱ ገብቶ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ በሐሳቡ መልሶ ያያል፤ ማን ፈጥኖ ሳቀ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ቀድሞ ተነሳ። ሚስቱ "አንተ ሰው፣ ይቺን ነገር ተዋት" ብትለው፣ "ምነው፣ ማንን ልትከላከዪ ነው?" አላት። ትታው ተኛች።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣለት። ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ውሸት ሊነግር ወሰነ፤ የትኛው ውሸት ከሥራ አስኪያጁ አፍ እንደሚወጣ ካየ፣ ጆሮ ጠቢው ተያዘ ማለት ነው። ቀለም ቀቢውን ቧንቧው ጋ አገኘውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጎማው የማይረባ ነው ብዬ ለሚኒስቴሩ ላመለክት ነው" አለው። ለዕቃ ክፍሏ ሴትዮ በመስኮቷ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ የግል ጋራዥ ሊገባ እንደሆነ አንሾካሾከላት። ኤሌክትሪሺያኑን አውቶቡስ ሥር ሆኖ ሲሠራ፣ አጠገቡ ተጋድሞ፣ የታሪፍ ጭማሪውን የሚቃወም ፊርማ ሊያሰባስብ እንዳሰበ ነገረው።

በያጁን አልጠረጠረውም። ግን ቫር አንዱን አይቶ ሌላውን አያልፍም፤ ለደንቡ ያህል እሱንም ይፈትነው። ሄደ። በያጁ ብረት እየቆረጠ፣ ማሽኑ ጆሮ እየበጠሰ፣ የእሳት ፍንጣሪው እየዘነበ ነው። ጎሚስታው ጠጋ አለና "አማቼ! የዋንጫው ቀን ሥራ እናቁም እያልኩ ነው! ደሞዙ ከገበያው ጋር አልሄድ ብሏል!" አለው። በያጁ ቀና ብሎ አየውና እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ።

ከቀናት በኋላ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ መኪናውን አቁሞ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። "ስማ፣ የዋንጫው ቀን ሥራ እናቁም የምትለውን ነገር ተወው። ለአንተው ብዬ ነው የምመክርህ" አለው፤ ሄደም።

ጎሚስታው መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ አመነ፤ ማመኑ ደግሞ ከጥርጣሬው የባሰ አቃጠለው። ስንት ዓመት ከአንድ ዕቃ አብሮት የበላ፣ የሚስቱ ወንድም! ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ጎማውን በመዶሻ ሲደበድብ አረፈደ።

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ተነሳ። "ጆሮ ጠቢው ተገኝቷል!" አለ። ጣቱን ወደ በያጁ ቀሰረ። "ይኸውላችሁ! ዝም ይላል ትሉት ነበር፣ ለካ ዝም የሚለው ወሬ ሊለቅም ነው! ከእኔ ቤት ምሳ እየበላ፣ ለአለቃ ደግሞ እኔን ይሸጣል!"

በያጁ የያዘውን አስቀመጠ። ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ቀለም ቀቢው አቀረቀረ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ አንድም ሰው "ኧረ እሱ አያደርገውም" ያለ አልነበረም። በያጁ ተነስቶ ሄደ። በሳምንቱ ከተማው ማዶ ወዳለው ሌላ ጋራዥ ተዛወረ፤ ራሱ ጠይቆ ነው አሉ።

ቤት ውስጥ ሚስትየዋ አንድ ቀን ብቻ ነው የተናገረችው። "ወንድም ጋሼ የሰው ወሬ ሊያመላልስ? የራሱን ሕመም እንኳ አውጥቶ የማይናገር ሰው! ሚስቱ ስትሞት እንኳ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።" ከዚያ በኋላ ለባሏ ምሳ መቋጠር ተወች፤ ለወንድሟ ግን በየማለዳው ትልካለች።

ጎሚስታው ልክ ነኝ እያለ ራሱን ሲያጽናና ሰነበተ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግን ስለ ጎማ ግዢ ሊያነጋግሩት ከላይ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ የፊት ለፊቱ ቢሮ ጣሪያ በማፍሰሱ ከኋላ በኩል ወዳለው ፎቅ ተዛውሯል ሲባል ሁሉም ሰምቷል፤ ወጥቶ ያየው ግን አልነበረም። ጎሚስታው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረጃው ብቻ ነው የተጋረደው።

"ዘይቱን ማን ነው የሚደብቀው ታዲያ?" አለ አንድ ድምፅ፤ የኤሌክትሪሺያኑ ነው። ጎሚስታው ሰውየው አጠገቡ የቆመ መስሎት ዞረ።

"ዝም በል፣ ደግሞ እንዳይሰማህ" አለች የዕቃ ክፍሏ ሴትዮ።

"ማን ይሰማዋል? ቫር እንደሆነ ከላይ ተጠርቷል። እኔ ልንገራችሁ፣ ጆሮ ጠቢው ራሱ ነው! ያን ምስኪን በያጅ ያባረረው ራሱን ሊሸፍን ነው" አለ ቀለም ቀቢው።

ጎሚስታው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ወደ ታች አየ። ከእግሩ ሥር የመጠለያዋ ቆርቆሮ፣ ከጎኗ የበያጁ ባዶ ቦታ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። "እንደ ሬዲዮ ነው የማዳምጣችሁ። ልዝጋው ብል ሙቀቱ ይገድለኛል። እኔም ደጋፊ ነኝ፣ ያውም የሰማያዊዎቹ፤ ግን እንደምሰማችሁ ብነግራችሁ ዝም ትሉብኛላችሁ ብዬ ነው የተውኩት።"

"የዋንጫውን ቀን ነገርስ ማን ነገረዎት?"

"ማን ይነግረኛል? አንተ ነህ እንጂ! ከዚያ ማሽን በላይ እየጮህክ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶሃል።"

ጎሚስታው ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ሌሎቹን በሹክሹክታ፣ በያጁን ብቻ በጩኸት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን አመሉ አይደል፣ ከግቢው ሳይወጣ ቆም ብሎ "ሥራ አስኪያጁ ለበያጁ ሊሸፍንለት ቢሆንስ?" ብሎ አሰበ፤ በዚህ ሐሳቡ ራሱን ጠላው።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ ከተማውን አቋርጦ ሄደ። በያጁ አንድ ያረጀ አውቶቡስ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ጎሚስታው ፊቱ ቆመ።

"አማቼ፣ ተሳስቻለሁ። አንተ አይደለህም። መስኮቱ ነው" አለ፤ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገረው።

በያጁ ተናግሮ እስኪጨርስ ሰማው። "ምን ነበር ግን ያልከኝ?" አለ።

"መቼ?"

"ማሽኑ ጋ የመጣህ ቀን። ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜው ነበር። አፍህ ሲንቀሳቀስ አየሁና፣ መቼም ስለ ቡድኑ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩልህ።"

ጎሚስታውን ትንሽ ሳቅ አመለጠው፤ በያጁም ፈገግ ያለ መሰለው። ደረቱ ቀለል አለው። "እንግዲያው ምንም አልሰማህማ! ተነስ በቃ፣ እንመለስ፤ እህትህም..."

"ያን ቀን ያልከውን አልሰማሁም" አለ በያጁ፣ ጓንቱን እያጠለቀ። "ምሳ ላይ ያልከውን ግን ሰምቻለሁ። ያኔ የሚጮህ ማሽን አልነበረም።"